«እስቲ እሹኝ» ሲሏችሁ፦ ወገብ፣ ትከሻና ባት በቤት ውስጥ እንዴት ይታሻል?

ወሎ ውስጥ ወገቡን ይዞት የማያውቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ደሴ ላይ ብርዱ አለ። ኮምቦልቻ ላይ ቀኑን ሙሉ ባጃጅ መንዳት ወይም ስፌት መኪና ላይ አቀርቅሮ መዋል አለ። አምባሰል ላይ ዳገቱ፣ ከዳገቱ ጋር ደግሞ ሸክሙ። ማታ ሲሆን አንዱ ፍራሹ ላይ በሆዱ ይተኛና «እስቲ እሹኝ» ይላል። የሚያሸው ብዙ ጊዜ ማንም ያላሳየው የቤቱ ልጅ ነው። አንዱ ጀርባው ላይ በእግሩ ይወጣል። ሌላው በክርኑ ይደቁሳል። የተኛው ሰው ጥርሱን ነክሶ ይችለዋል። «ካላመመ አይሠራም» ሲባል ሰምቶ ነዋ ያደገው።

እኔ በዚህ አባባል አልስማማም። በደንብ የታሸ ሰው እንቅልፍ ይወስደዋል እንጂ አይጮህም። ከዚህ በታች ያለው፣ እንዲያ አድርጎ ማሸት እንዴት እንደሚቻልና መቼ እጅን ሰብስቦ ወደ ሐኪም መሄድ እንደሚሻል ነው። አጥንት መጠገንና ውልቃት መመለስ እዚህ የሉበትም። እነሱ ሌላ ሥራ ናቸው።

ምን ይጠቅማል?

ማሸት ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። ኢብን ሲና ከዛሬ 1,000 ዓመት በፊት ጠንካራና ለስላሳ እያለ የማሸትን ዓይነት ለይቶ ጽፏል። ዛሬ ማሳጅ ቤት የምናየው ረጅም ዳበሳ፣ ማፍተልተልና መታ መታ ማድረግ ደግሞ በዚህ መልክ የተከፋፈለው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ነው።

ቆዳችንና ጡንቻችን ውስጥ መነካትንና መጫንን የሚያውቁ ነርቮች አሉ። እነሱ ሲነቁ ወደ አንጎል የሚሄደውን የሕመም መልእክት አከርካሪው ላይ ያዳክሙታል። ሜልዛክና ዎል የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንን እ.ኤ.አ. በ1965 «የሕመም በር» ብለው አስረድተውታል። እግራችሁ ድንጋይ ሲመታው ሳታስቡት በእጃችሁ የምታሹት ለዚሁ ነው። ከዚያ ደግሞ መረጋጋቱ አለ። የልብ ምት ዝግ ይላል። ትንፋሽ ይረዝማል። ተወጥሮ የዋለው ጡንቻ ይላላል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ከታሸ በኋላ ጥሩ የሚተኛው በዚህ ምክንያት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም መመሪያ አውጥቶ ነበር። ማሸት ከሚረዱት ነገሮች ውስጥ ገብቷል። ብቻውን ግን አይደለም፤ ከእንቅስቃሴና ስለ ሕመሙ ከማወቅ ጋር ነው። በዚያው መመሪያ ላይ የወገብ ቀበቶ ከማይመከሩት ተርታ ተቀምጧል። በውድ ዋጋ የገዛችሁት ካላችሁ ምን ይደረግ!

እፎይታው ብዙ ጊዜ የሚቆየው ለሰዓታት ወይም ለቀናት ነው። ያንን ጊዜ ለመራመድና ለመንቀሳቀስ ከተጠቀማችሁበት ትርፉ ይቆያል። ታሽታችሁ ተመልሳችሁ ከተቀመጣችሁ ግን ሳምንት ሳይሞላ እዚያው ናችሁ።

የማይሆነውንም ልንገራችሁ። ማሸት ከሰውነት «መርዝ» አያወጣም፤ ያ የጉበትና የኩላሊት ሥራ ነው። የተንሸራተተ ዲስክ ወደ ቦታው አይመልስም። ስኳርና ደም ግፊት አያድንም። ዳገት ወጥታችሁ በማግስቱ ባታችሁ ሲያማችሁ «አሲዱ ይውጣልህ» የሚሏችሁም ተሳስተዋል። ላክቲክ አሲዱን ሰውነት ራሱ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ያጠራዋል። በማግስቱ የሚያመው ጡንቻው ላይ የደረሰ ጥቃቅን ጉዳት ነው። እሱንም ማሸት ያስታግሠዋል እንጂ አያጠፋውም።

መቼ አይታሽም?

ይህንን ክፍል ዘላችሁ ወደ አሠራሩ አትሂዱ።

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ሰው ያንን ሁሉ መንገድ እግሩን አጥፎ መጥቶ፣ በማግስቱ አንድ ባቱ ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ከነካችሁት የሚያመው ከሆነ፣ እጃችሁን እንዳታሳርፉበት። ደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ስታሹት የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ሰው ይሞታል። በተለይ በቅርቡ የወለደች፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ኦፕራሲዮን ያደረገ ወይም ረጅም ጊዜ የተኛ ሰው ከሆነ ነገ ሳትሉ ሐኪም ጋ ውሰዱት።

«ማጅራቴን ያዘኝ» የሚል ሰው ትኩሳትና ከባድ ራስ ምታት ካለው፣ ከዚያም አገጩን ወደ ደረቱ ማጠፍ ካቃተው፣ ትራስ ተጣሞበት ነው ብላችሁ አንገቱን አትሹ። ማጅራት ገትር በሰዓታት ውስጥ የሚገድል በሽታ ነው። የሚድነውም በጊዜ ከተደረሰበት ነው።

ወገብም እንዲሁ ነው። ሕመሙ ሌሊት የሚብስ፣ ሰውየው እየከሳ የሄደ፣ ማታ ማታ የሚያልበው ከሆነ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል። እግሩ ከሰነፈ፣ ሽንት መያዝ ወይም መሽናት ካቃተው፣ መቀመጫው አካባቢ ከደነዘዘ ደግሞ ጉዳዩ የነርቭ ነው፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል። ወድቆ ወይም መኪና ገጭቶት የመጣን ሰውም ፎቶ (ራጅ) ሳይነሣ አትንኩት።

ሌሎቹን ባጭሩ፦ ትኩሳት፣ የቆሰለና የሚያሳክክ ቆዳ፣ የተቃጠለ ቦታ፣ ያበጠ ደም ሥር፣ ካንሰር ያለበት ቦታ፣ አዲስ የኦፕራሲዮን ጠባሳ አይታሹም። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው፣ ለምሳሌ ዋርፋሪን፣ በትንሽ ጫና ይበልዛል። አጥንታቸው የሳሳ አዛውንቶችን በኃይል ከተጫናችኋቸው ጎድናቸው ሊሰበር ይችላል። ነፍሰ ጡርን ሆዷ ላይ አትሹ፤ ጎኗን ተኝታ ትከሻዋንና ወገቧን ለስለስ አድርጋችሁ ብትሹላት ግን ደስ ይላታል። አራስ ሆድም የቤት ሥራ አይደለም፤ ለአዋላጅ ነርስ ተዉት።

ዝግጅት

ጥፍር ቁረጡ። ቀለበትና ሰዓት አውልቁ። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡና አሙቁት። የደሴን ብርድ የሚያውቅ ሰው ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ ይገባዋል፤ ቀዝቃዛ መዳፍ ጀርባ ላይ ሲያርፍ ጡንቻው ሁሉ በአንዴ ይሰበሰባል። ያኔ ከዜሮ ሳይሆን ከዜሮ በታች ነው የምትጀምሩት።

ክፍሉ ሞቅ ይበል። ነገር ግን ለማሞቅ ብላችሁ የከሰል ምድጃ አስገብታችሁ በርና መስኮት አትዝጉ። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፤ ፍም ሆኖም ይወጣል። ታሺውም አሺውም እንቅልፍ እንደያዛቸው ሊቀሩ ይችላሉ። ይልቅ ጋቢ ደርቡና የምታሹትን ቦታ ብቻ ግለጡ።

ለማሞቅ አንድ ቀላል ዘዴ አለ። ሃይላንድ ውስጥ ሞቅ ያለ ውሃ ሞልታችሁ፣ በፎጣ ጠቅልላችሁ፣ ወገቡ ላይ ለ15 ደቂቃ ማስቀመጥ ነው። የፈላ ውሃ አይሆንም፤ ላስቲኩም ይኮማተራል፣ ሰውም ይቃጠላል። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ደንዝዞ ሙቀቱ ላይታወቀው ስለሚችል በራሳችሁ ክርን ለኩለት። ወይባ የምትሞቅ ሴት ካለች ደግሞ ከዚያ ስትወጣ ቆዳዋም ጡንቻዋም ሞቅ ብሏል። ውሃ ጠጥታ፣ ትንሽ አርፋ፣ ያኔ ብትታሽ ጥሩ ነው።

ቅባቱ ብዙ አያስጨንቅ። የሱፍ ዘይት ወይም የሰሊጥ ዘይት ይበቃል። የኑግ ዘይትም ይሠራል፤ አንሶላ ላይ ግን ያስታውቃል። ቅቤ በወጉ ለስልሶ የሚሆነው ቆላ ነው፤ ደጋ ላይ መጀመሪያ መዳፍ ውስጥ ማቅለጥ ይጠይቃል። ቫዝሊን ቶሎ ስለማይመጠጥ ለረጅም ዳበሳ ይመቻል። ሜንቶል ያለበት ቅባት ቀዝቀዝ ሞቅ እያደረገ ስሜቱን ያስታል እንጂ ውስጥ ገብቶ የሚያድን አይደለም። በላዩ ላይ ደግሞ የሞቀ ነገር አታስቀምጡ፤ ያቃጥላል።

ቅባት የማይወድ፣ መገለጥ የማይፈልግ ሰው ካለ ከነልብሱ ይታሻል። ስስ የጥጥ ልብስ ወይም ነጠላ ከላይ ጣል አድርጎ መጫንና ማፍተልተል ነው፤ መንሸራተት ብቻ ነው የሚቀረው። እኛ አካባቢ ሴት ሴትን፣ ወንድ ወንድን ቢያሽ ሁሉም ሰው ይቀልለዋል። ከበላም ቢያንስ አንድ ሰዓት ይለፈው።

ጀርባና ወገብ

ግማሽ ሰዓት ያዙ። ከዚያ በላይ አይጠቅምም፤ እጃችሁም ይዝላል።

1ኛ፦ አስተኛኘት። ፍራሹ መሬት ላይ ይሁን፤ አልጋ ይረግባል። ታሺው በሆዱ ይተኛ። ከሆዱ ሥር ስስ ትራስ፣ ከቁርጭምጭሚቱ ሥር የተጠቀለለ ጋቢ አድርጉለት። ወገብ የሚያርፈው ያኔ ነው። በሆዳቸው መተኛት የማይችሉ አዛውንት ከሆኑ ወንበር ላይ ወደ ኋላ ዞረው ይቀመጡ፣ መደገፊያው ላይ ትራስ አድርገው ደረታቸውን ያሳርፉ።

2ኛ፦ እጅ ማሳረፍ። ሁለቱን መዳፍ ወገቡ ላይ ዝም ብላችሁ አስቀምጡ። አትሹ። አምስት ስድስት ትንፋሽ ጠብቁ። ሰውነቱ እጃችሁን ይልመደው።

3ኛ፦ ረጅም ዳበሳ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት መዳፋችሁ ላይ አድርጉና አፋትጉ፤ ቀጥታ ጀርባው ላይ አታፍስሱ። ከወገብ ጀምራችሁ፣ አከርካሪውን መሐል ትታችሁ፣ ግራና ቀኝ ባለው ጡንቻ ላይ ወደ ትከሻ ውጡ። ሲወጣ ጫን፣ ሲወርድ ቀለል። ክንዳችሁ ቀጥ ይበል። የሚጫነው የሰውነታችሁ ክብደት ነው፤ ጉልበታችሁን አትጨርሱ። ይህ ብቻውን አምስት ደቂቃ ይውሰድ። ብዙ ሰው ቸኩሎ ወደ ጣት የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ ያልሞቀ ጡንቻ ደግሞ እጅ ይገፋል።

4ኛ፦ ማፍተልተል። የጎንና የትከሻ ሥጋ በመዳፍና በጣቶች መሐል እየያዛችሁ፣ ሊጥ እንደሚያቦካ ሰው፣ ሰብሰብ ለቀቅ አድርጉ። መቆንጠጥ አይደለም። በሙሉ እጅ ነው የሚያዘው። አንዱ እጅ ሲለቅ ሌላው ይያዝ።

5ኛ፦ ቋጠሮ። እየዳበሳችሁ ስትሄዱ ጠንከር ያለ፣ ስትጫኑት «እሱ ጋ! እሱ ጋ!» የሚያስብል ቦታ ታገኛላችሁ። ብዙ ጊዜ የትከሻው ሰፊ አጥንትና አከርካሪው መሐል ላይ ነው። እዚያ ላይ አታፋትጉ። በአውራ ጣት ወይም በመዳፍ ግርጌ ቀስ ብላችሁ ተጫኑና ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ ያዙት። ታሺው በረጅሙ ይተንፍስ። ከሥር ያለው ሥጋ ሲላላ ጣታችሁ ራሱ ይነግራችኋል፤ ትንሽ ወደ ውስጥ ይገባል። ያኔ ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ሁለት ሦስት ጊዜ ከደገማችሁ በኋላ ካልላላ ተዉት፤ በሌላ ቀን ይላላል።

6ኛ፦ መቀመጫ። ሰው የሚረሳው ይህንን ነው። ወገቤን የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የዳሌና የመቀመጫ ጡንቻው ተወጥሯል፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውል ሾፌርማ በተለይ። ከልብስ በላይ በክንዳችሁ ሰፊ ክፍል ቀስ እያላችሁ ተጫኑ። ክርን አይሆንም።

7ኛ፦ መጨረስ። ወደ ረጅሙ ዳበሳ ተመለሱና እየቀለላችሁ አቁሙ። ዘይቱን በፎጣ ጠርጉ። ጋቢ አልብሱትና አምስት ደቂቃ ይተኛ። ሲነሣ መጀመሪያ በጎኑ ይዙር፣ ከዚያ ይቀመጥ፣ ከዚያ ይቁም። በአንድ ጊዜ ብድግ ያለ ሰው ይዞርበታል።

ሦስት ቦታ ላይ አትጫኑ። የአከርካሪው አጥንት ራሱ ላይ፣ ከጎድን በታች ኩላሊት ባለበት ላይ፣ የመጨረሻዎቹ ጎድኖች ላይ። መደብደብ የሚወድ ሰው ካለ ትከሻውንና መቀመጫውን በለሰለሰ እጅ መታ መታ አድርጉለት፤ ኩላሊቱ ጋ ግን አታድርጉ። ልጅን ጀርባ ላይ ማቆምም ይቅር። ልጁ ቢያዳልጠው ተረከዙ የት እንደሚያርፍ ማንም አያውቅም።

ጠነከረ ወይስ በቃ?

ታሺውን ከዜሮ እስከ 10 ቁጥር ጠይቁት። ዜሮ ምንም፣ 10 የማይቻል ሕመም። 4 ወይም 5 ላይ ሁኑ። 7 ካለ አልፋችኋል። ጡንቻ ሲያመው ራሱን ይከላከላል፣ ይኮማተራል፤ እናንተ ልታላሉት እሱ ሊጠነክር ትታገላላችሁ ማለት ነው።

የእኛ ትላልቅ ሰዎች ግን ቁጥር አይሉም። «አባ፣ ጠነከረብዎ?» ብትሏቸው «ኧረ እሰይ፣ እንዲያውም ጨምሪበት» ነው የሚሏችሁ። ስለዚህ አፋቸውን ሳይሆን እግራቸውን እዩ። የእግር ጣት ከታጠፈ፣ ጡጫ ከተጨበጠ፣ ትንፋሽ ከተያዘ፣ ጫናው በዝቷል። «አብሽሩ፣ ትንሽ ነው የቀረው» እያሉ መቀጠል እዚህ ላይ አያስፈልግም። ቀንሱ።

በማግስቱ ቀለል ያለ ድካም ያለ ነው። መበለዝ ግን የለበትም። ከበለዘ በኃይል ታሽቷል።

አንገትና ትከሻ

ታሺው ወንበር ላይ ይቀመጥ፣ እናንተ ከኋላው ቁሙ። ከአንገት ወደ ትከሻ የሚወርደውን ወፍራም ጡንቻ በሁለት እጅ ያዙና ጨብጥ ለቀቅ አድርጉ። ከዚያ ማጅራቱን፣ ከራስ ቅል ሥር ካለው ጎድጓዳ ቦታ ጀምራችሁ፣ በሁለት ጣት ትንንሽ ክብ እየሠራችሁ ውረዱ። ግንባሩን በሌላ እጃችሁ ደግፉለት፤ ራሱን ራሱ ከተሸከመው ጡንቻው አይላላም። አሥር ደቂቃ በቂ ነው።

የአንገት ፊት ለፊትና ጎን፣ የደም ሥር ትርታ የሚሰማበት ቦታ፣ በጭራሽ አይታሽም።

አሁን ስለ ጸጉር ቤት ልናገር። ጸጉር ተስተካክሎ፣ ራስ ታጥቦ፣ ትከሻ መታሸቱ ደስ ይላል። ከዚያ አገጭና ጭንቅላት ይዞ «ቀጭ!» የሚያደርግ አለ። ወደ አንጎል ደም ከሚወስዱት ሥሮች ሁለቱ በአንገት አጥንቶቹ ውስጥ ነው የሚያልፉት። በድንገት ሲጠመዘዝ ከተሰነጠቁ ስትሮክ ያመጣል። ብዙ ጊዜ አይደርስም፤ ሲደርስ ግን ለአንድ ድምፅ ብሎ ግማሽ አካልን መስጠት ነው። «አንገቴን ተወው ወንድሜ» ማለት ነውር የለውም።

ዳገት የወጣ ባት

መስከረም 21 ግሸን ማርያም ወጥቶ የተመለሰ፣ ወይም ለመውሊድ ጀማ ንጉሥ በእግሩ ደርሶ የመጣ ሰው ባቱን ነው የሚይዘው። መጀመሪያ እግሩን ሞቅ ባለ ውሃ ይታጠብ። ፊኛ የሠራ ወይም የተላጠ ቦታ ካለ እዚያ ላይ ዘይት አታድርጉ።

በሆዱ ይተኛ፣ ከቁርጭምጭሚቱ ሥር ትራስ ይግባ። ከተረከዝ ወደ ቋንጃ በሁለት መዳፍ ወደ ላይ ብቻ ዳብሱ። ወደ ላይ ያልኩት ወደ ልብ የሚመለሰው ደምና ፈሳሽ በዚያ አቅጣጫ ስለሚሄድ ነው። ከዚያ ባቱን ግራና ቀኝ እያፈተለተላችሁ ውጡ። ቋንጃ ላይ ስትደርሱ እጃችሁን አንሡ፤ እዚያ ደም ሥርና ነርቭ ቆዳ ሥር ነው ያሉት። ከጉልበት በላይ ጭኑን ቀጥሉ። በመጨረሻ ውስጥ እግሩን በአውራ ጣት ከተረከዝ ወደ ጣቶች ጫን እያላችሁ ውጡ። እዚህ ላይ ቀስ ያለ እጅ ይኮረኩራል፣ ጠንከር በሉ።

ሌሊት ባት ከሸመቀቀ ግን ማሸት ሁለተኛ ነው። መጀመሪያ ጉልበቱን ዘርግታችሁ የእግሩን ጣቶች ወደ ቅልጥሙ ሳቡና ያዙ። ሲለቅ ነው የሚታሸው።

ወለምታ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ጉዳት የሚደርሰው። ቁርጭምጭሚት ወለም ሲል ወዲያው ዘይት ቀብቶ ማሸት፣ ማሞቅ፣ መሳብ የተለመደ ነው። የተበጠሰ ጅማትና የፈሰሰ ደም ያለበትን ቦታ ማሸትና ማሞቅ ግን እብጠቱን ያባብሳል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ማሳረፍ፣ ከፍ ማድረግ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ወይም ቀዝቃዛ ውሃ የነከረ ጨርቅ ለ15 ደቂቃ ያህል በየጥቂት ሰዓቱ ማድረግ፣ በፋሻ ለስለስ አድርጎ መጠቅለል ነው። ማሸት የሚመጣው እብጠቱ ሲቀንስ፣ ያውም ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ካለው ባት ጀምሮ።

ተሰብሮ ይሆን ለማለት አንድ መለኪያ አለ። እያነከሰም ቢሆን አራት እርምጃ መራመድ ካልቻለ፣ ወይም የቁርጭምጭሚቱን አጥንት ራሱን ስትጫኑት ካመመው፣ ራጅ ይነሣ።

ወጌሻ አላጣጥልም። እጁ መድኃኒት የሆነ ሰው በየአካባቢው አለ፤ ሆስፒታል ሩቅ በሆነበት አገር ስንቱን አቁሟል። ግን በቀርከሃ ወይም በእንጨት ጠብቆ የታሰረ ስብራት የደም መንገድ ዘግቶ እጅና እግር እስከ መቆረጥ ያደረሰበት ጊዜ ብዙ ነው፤ በተለይ ልጆች ላይ። የታሰረው እጅ ጣቶች ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ፣ ወይም ልጁ ያለ ማቋረጥ ካለቀሰ፣ እሰሩ ብሎ ያዘዛችሁን ሰው ፈቃድ አትጠብቁ። ሌሊትም ቢሆን ፍቱትና ሆስፒታል ውሰዱት። ጥሩ ወጌሻ «ይሄ የኔ አይደለም፣ ፎቶ ተነሡ» ማለት የሚያውቅ ነው። ማሳጅ ቤትም ስትሄዱ በዚሁ መዝኑ። ስለ በሽታችሁና ስለ መድኃኒታችሁ ሳይጠይቅ ልብስ አውልቁ የሚላችሁን ትታችሁ ውጡ።

የሚያሸው ሰው ከሌለ

የቴኒስ ኳስ፣ ካልሆነም ጠንከር ያለ የልጆች ኳስ ረጅም ካልሲ ውስጥ ክተቱ። ግድግዳ ተደግፋችሁ ኳሱን አከርካሪውና የትከሻው አጥንት መሐል አድርጉና ካልሲውን በትከሻችሁ ላይ ያዙት። ጉልበታችሁን አጠፍ ዘርጋ እያደረጋችሁ ኳሱን አንከባሉት። የሚያመው ላይ ስትደርሱ ቁሙና ተንፍሱ። ለመቀመጫም ይሆናል። መሬት ላይ ተኝቶ ማድረግ ግን ሙሉ ክብደት ስለሚያርፍበት መጀመሪያ ላይ ይከብዳል። ሻይ ስታፈሉ ደግሞ ባዶ ጠርሙስ በውስጥ እግራችሁ ማንከባለል ትችላላችሁ፤ ላስቲክ ይሁን እንጂ ብርጭቆ አይሁን።

በየስንት ጊዜው?

ሕመም ላለበት ሰው በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይበቃል። በየቀኑ አንድ ቦታ ላይ ማሸት ጡንቻውን ሊያቆስለው ይችላል። በማግስቱ ጠዋት ትንሽ ይራመድ፤ ደሴ ላይ ከሙጋድ ፒያሳ ያህል እንኳ ቢሆን፣ ዋናው አለመተኛት ነው። ሦስት ሳምንት ሞክራችሁ ምንም ለውጥ ካላየ፣ ወይም ሕመሙ ወደ እግሩ እየወረደ ከሄደ፣ ሐኪም ይየው፤ ፊዚዮቴራፒ ያለበት ሆስፒታል ቢሄድ ደግሞ የሚሠራው እንቅስቃሴ ጭምር ያሳዩታል።

ለአሺውም አስቡ። በአውራ ጣት ብቻ የሚያሽ ሰው በወራት ውስጥ የራሱን አውራ ጣት ያሳምማል። መዳፍ፣ ጡጫና ክንድ እያፈራረቃችሁ ሥሩ። እየጎነበሳችሁ ሳይሆን ተንበርክካችሁ፣ ጀርባችሁን ቀጥ አድርጋችሁ። ዲክሎፌናክ ጄል (የሕመም ማስታገሻ ቅባት) ወይም ሜንቶል ያለበት ቅባት ተጠቅማችሁ ከነበረ ደግሞ ዓይናችሁን ከመንካታችሁ፣ ሕፃን ከማንሣታችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠቡ።